ጀርባው የተቀባ ቤት

«ሰው ፊቱን ይቀባል እንጂ ጀርባውን አይቀባም!» አሉ አጎቷ፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መስኮቱ ፊት እንደተገተሩ። «ሠላሳ ዓመት በጥበቃ ስሠራ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር ይኼ ነው። ጀርባውን የሚያሳምር ሰው ካየሽ ጠርጥሪ!»

ሚጣ ገና ከእንቅልፏ በቅጡ አልነቃችም ነበር። ከእናቷና ከአጎቷ ጋር ለዘመድ ጥየቃ ሁለት ቀን ከርመው የተመለሱት ትናንት ማታ ስለሆነ በመስኮት የተመለከተ አልነበረም። ዓይኗን እያሻሸች ተጠጋች። ፊት ለፊት ያለው የጎረቤታቸው ግድግዳ፣ ከቤት ሲወጡ ግራጫ ብሎኬት የነበረው፣ አሁን ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው ወተት መስሏል። ጫፉን ለማየት አንገቷን አስግጋ ወደ ላይ ማንጋጠጥ ነበረባት።

ግራ የሚያጋባው፣ ያንን ግድግዳ ማንም የማያየው መሆኑ ነው። በመንገድ በኩል ያለው የቤቱ ፊት ዛሬም ግራጫ ነው። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለችው ጉራንጉር ደግሞ ቀጭን ሰው ጎኑን አዙሮ ካልሆነ አታሳልፍም። የተቀባውን ግድግዳ የሚያይ መስኮት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የእነሚጣ ነው።

«ምን ፈልጎ ይሆን?» አለች እናቷ፣ ክንዷን አጣምራ።

«ምን ይፈልጋል! መሬት ነዋ!» አሉ አጎቷ። «መጀመሪያ ይቀባል። ከዚያ ‹እስከ ቀባሁት ድረስ የእኔ ነው› ይላል። ዛሬ ቀለም፣ ነገ አጥር፣ ከነገ ወዲያ መስኮትሽን በብሎኬት ይደፍንልሻል። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር!»

አጎቷ ጡረታ ወጥተው እህታቸው ቤት ከገቡ ወዲህ ደመወዙ ቀረ እንጂ ጥበቃው አልቀረም። ወተት አመላላሹን ይጠረጥራሉ፤ ፖስተኛውን ይጠረጥራሉ፤ አንድ ጊዜ የራሳቸውን ጃኬት ገመድ ላይ ተሰጥቶ አይተው «ማነህ!» ብለውታል። የሚጣ አባት የረጅም ርቀት ሾፌር ስለሆነ ቤት የሚገኘው እንደ እንግዳ አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ በቤቱ የአጎቷ ቃል ይሰማል። ስለ ጎረቤቱ ሲሆን ደግሞ ማንም አይከራከራቸውም።

ጎረቤቱ ግንበኛ ነው። የሰው ቤት ሲሠራ ኖሮ አምና በራሱ ቤት ላይ አንድ ፎቅ ጨመረ። ከዚያ በፊት የጠዋት ጸሐይ በዝቅተኛው ጣሪያው ላይ ተሻግራ ቀጥ ብላ የሚጣ እናት መቀመጫ ላይ ታርፍ ነበር። ፎቁ ሲያልቅ ጸሐይዋም አለቀች።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የምትታወቀው ግን የተቀደደውን ያልተቀደደ በማስመሰል ነው። ሲጋራ የበሳው ኮት፣ ሚስማር የያዘው ቀሚስ፣ አይጥ የቀመሰው ሱሪ ይመጣላታል። ከጨርቁ ጋር አንድ የሆነ ክር መርጣ ቀዳዳውን ስታጠፋው ባለቤቱ ራሱ ቦታውን ፈልጎ ያጣዋል። ይህ ሥራ ታዲያ የቀን ብርሃን ይፈልጋል። በአምፖል ሲታዩ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ መንትዮች ናቸው።

ፎቁ ባለቀ ሰሞን አንድ ሙሽራ ጥቁር ኮቱን ይዞ መጣ። እናቷ አምፖል አብርታ፣ ዓይኗን አጥብባ፣ በጥንቃቄ ሠራችው። ሙሽራው ለብሶት ደጅ ሲወጣ ክንዱ ላይ ሰማያዊ ጠባሳ ታየ። «እንዲህ አድርገሽ ታዋርጂኝ?» ብሎ መንደሩ እስኪሰማ ጮኸባት። ከዚያ ወዲህ ደንበኞቿ አንድ በአንድ ቀሩ። ያልቀሩትም ቢሆኑ ሥራቸውን ሲረከቡ እንደ ድሮው አጣጥፈው ቦርሳ ውስጥ አይከቱትም፤ በር ድረስ ይዘውት ወጥተው በቀን ብርሃን ይመረምሩታል። ይህን ባየች ቁጥር የሚጣ አንጀት ያርራል። እናቷ አንገቷን ደፍታ ስትጠብቅ ማየት ከስድብም ይከፋል።

ከግንበኛው ጋር ሰላምታ የተዘጋው ያኔ ነው። ጠብ እንኳ አልነበረም። እናቷ መንገድ ላይ አይታው ፊቷን አዞረች፣ እሱም አቀረቀረ፤ በቃ፣ እንደተዘጋጉ ቀሩ።

«መጋረጃውን ዝጊው» አሉ አጎቷ። «የፈለገው እንድናይለት ነው። አናይለትም!»

እናቷ ወፍራሙን መጋረጃ ግጥም አድርጋ ዘጋችው፤ አምፖሉንም አበራች።

ሚጣ ትምህርት ቤት ሄዳ ነገሩን ለጓደኛዋ አጫወተቻት። ጓደኛዋን ሁሉም «ሬዲዮ» ነው የሚላት፤ ወሬዋ አይቋረጥም፣ ባትሪዋም አያልቅም።

«ሙድ እየያዘባችሁ ነው!» አለች ሬዲዮ። «‹ጸሐያችሁን ወሰድኩ፣ እንካችሁ ቀለም› እያላችሁ እኮ ነው።»

«አታካብጂ።»

«ምን አካብዳለሁ! ወይ ደግሞ ካሜራ ሊገጥም ነው። ነጭ ግድግዳ ላይ ነጭ ካሜራ አይታይማ! ሙች፣ ፊልም ላይ አይቻለሁ።»

ሚጣ ሳቀችባት። ወደ ቤት ስትመለስ ግን የመኝታ ልብሷን የምትቀይረው የት ጥግ ሆና እንደሆነ እያሰበች ነበር።

በዚያው ሳምንት ሌላ የሚያጠራጥር ነገር መጣ፤ ይኼኛው ደግሞ ከቤት ውስጥ ነው። አጎቷ ወጣ ባሉበት ሰዓት ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ ታገኘዋለች። ድሮ እናቷ ብቻዋን ስትሆን በሩን ገርበብ አድርጋ ነበር የምትሰፋው። አሁን ስታንኳኳ «ቆይ፣ መጣሁ!» ይባላል፤ የሆነ ነገር ሲንሿሿ ይሰማል፤ ከዚያ እናቷ ፊቷ ቀላ ብሎ ትከፍታለች።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ምን እሠራለሁ? መስፋት ነዋ!»

አንድ ቀን ሚጣ የተንጋደደውን አምፖል ላስተካክል ብላ ነካችው። ቀዝቃዛ ነበር። እናቷ ከሰዓቱን ሙሉ በዚህ አምፖል ሰፍታ ከሆነ ጣቷን ማቃጠል ነበረበት፤ ይህ ግን ገና አሁን የበራ ነው። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ያለቁ ሁለት ኮቶች ተደርበዋል፤ በአንድ ከሰዓት ሁለት ኮት! ሚጣ ደብተሯን አወጣች። እናቴ ዓይኗ ደክሞ ሥራውን በድብቅ ለሌላ ሰው እያሠራች ይሆን? አለች በልቧ። ዓይኗ ቢጠፋስ? ለአጎቷ ልትነግራቸው ፈለገችና ተወችው። እሳቸው ከሰሙ እናቷንም መጠበቅ ይጀምራሉ።

ሐሙስ ከሰዓት እናቷ ክር ልትገዛ ወጥታ ሳለ ከመስኮቱ ውጪ ኮቴ ተሰማ። ሚጣ የመጋረጃውን ዳር በጣቷ ፈልቀቅ አደረገች። ግንበኛው ጉራንጉሯ ውስጥ ቆሟል፤ እሱ እንደሆነ ሸምበቆ የመሰለ ቀጭን ስለሆነ የትም ይገባል። የሜትሩን ጫፍ ነጩ ግድግዳ ላይ ነክቶ እስከ እነሚጣ መስኮት ድረስ ዘረጋው። ለካ። ከዚያ መጋረጃው ላይ ዓይኑን ተክሎ ቆየና ራሱን እየነቀነቀ ሄደ።

ሚጣ ከመጋረጃው ኋላ አፈገፈገች። መስኮታችንን ለካው! አጎቷ ሲሰሙ አልተገረሙም፤ እንዲያውም ደስ ያላቸው መሰለ።

«አላልኩም? የሚደፍንበትን ብሎኬት እየቆጠረ ነው! ከእንግዲህ ዝም አንልም» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጋራዥ ካሉት ልጆች የተቃጠለ ዘይት አመጣለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት እናትሽ ሥራ ልታስረክብ ትወጣለች። ነጩን እናጠቁርለታለን። ያኔ ሳይወድ በግዱ መጥቶ ምን እንደሚፈልግ ይናገራል።»

«‹እናጠቁርለታለን› ማለት?»

«አንቺ ትቀቢዋለሽ፣ እኔ መንገድ ላይ እጠብቅሻለሁ።»

«ለምን እኔ፣ ጋሼ?»

አጎቷ ሆዳቸውን መታ መታ አደረጉት። «ይኼ ቦርጭ እዚያ ጉራንጉር የሚገባ መስሎሽ ነው?»

ሚጣ ሳቋ መጣ። ሆኖም ሙሽራው በእናቷ ላይ የጮኸው ጩኸት ትዝ አላት። ያ ሁሉ የመጣው በዚህ ሰው ፎቅ ነው። «እሺ» አለች፤ ማለቷንም አልጠላችውም።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አጎትና የእህት ልጅ ጋራዥ ደርሰው አንድ ጣሳ ዘይትና አሮጌ ብሩሽ ይዘው ተመለሱ። በሩ ዝግ ነበር። «ወጥታለች» አሉ አጎቷ። የግንበኛውን በር የሚያይ ጥግ ፈልገው እንደ ድሮ ሥራቸው ደረታቸውን ነፍተው ቆሙ። ሚጣ ጎኗን አዙራ ወደ ጉራንጉሯ ገባች።

የጠበቀችው ጨለማ ነበር። ከሰዓቷ ጸሐይ ግን በእነሚጣ ጣሪያ ላይ ዞራ የግንበኛውን ግድግዳ ላይኛው ክፍል ሞልታዋለች፤ ነጩ ቀለም ደግሞ የተቀበለውን ሁሉ ወደ ታች ይመልሰዋል። ሚጣ ዓይኗን ጨፈን አደረገች። ብሩሹን ጣሳው ውስጥ ነክራ አወጣችና፣ ከየት ልጀምር ብላ ዞር ስትል ከራሳቸው መስኮት ጋር ተፋጠጠች።

መጋረጃው ክፍት ነው። ከመስታወቱ ጀርባ እናቷ ተቀምጣለች።

አምፖሉ ጠፍቷል። እናቷ ጭኗ ላይ ኮት ዘርግታ፣ ዓይኗን ሳታጠብብ፣ ጀርባዋን ሳታጎብጥ፣ የሆነ ዜማ እያንጎራጎረች ትሰፋለች። ሚጣ እናቷን እንዲህ ዘና ብላ ካየቻት አንድ ዓመት አልፏታል። በድንገት የሚወዱትን ሰው ደስ ብሎት ሲያገኙት እንባ ይመጣል፤ የሚጣም እንባ መጣ።

ከብሩሹ ዘይት ጠብ ሲል ሰምታ ነው መሰል፣ እናቷ ቀና አለች። ክሩ ከእጇ ወደቀ። ተነስታ መስኮቱን ገፋ አደረገችው።

«በእጅሽ ያለው ምንድን ነው?»

«የተቃጠለ ዘይት።»

እናቷ ጣሳውን አየች፤ ግድግዳውን አየች። «ወንድምጋሼ ናቸው የላኩሽ፣ አይደል?»

ሚጣ ጣሳውን ዝቅ አደረገች። «አንቺስ? ወጥታለች ብለን እኮ…»

እናቷ እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሌባ አፈረች። «እናንተ በሌላችሁበት አንድ ከሰዓት ገለጥ አድርጌ አየሁት። ብርሃኑ ገባ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲወጣ እከፍታለሁ፣ ስታንኳኩ እዘጋለሁ።» ከጠረጴዛው ሁለት ድውር ክር አንስታ በመስኮቱ በኩል አሳየቻት። «ይኼ ጥቁር። ይኼ ጥቁር ሰማያዊ። ለየሁት እኮ፣ ሚጣዬ! ዓይኔ የጠፋ መስሎኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ትደብቂናለሽ?»

«ምን ብዬ ልናገር? የሰውየውን ሰላምታ አልፈልግም ብዬ፣ በብርሃኑ ግን ቁጭ ብዬ ልሰፋ? ደግሞ በነጻ የመጣ ነገር ያስፈራል። ነገ ምን ሊጠይቀኝ እንዳሰበ አላውቅም።» ግራ ቀኝ አየች። «ዘይቱን ይዘሽ ተመለሺ። ‹ሰው መጣብኝ› በያቸው። መክፈቴን ለወንድምጋሼ እንዳትነግሪ፤ ለሰውየውማ ጨርሶ!»

መስኮቱ ተዘጋ። ሚጣ ጣሳዋን ይዛ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ቆመች።

«ሰው መጣብኝ» ማለት ቀላል ነው። ግን አጎቷ በሚቀጥለው ሳምንት ደግመው ይልኳታል፤ እሷም ሌላ ውሸት ትፈልጋለች። እናቷ በራሷ ቤት፣ በራሷ መስኮት፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ እያለች ትኖራለች። ያ ሰውዬ ምን እንደፈለገ ደግሞ እስካሁን የሚያውቅ የለም። ሳምንቱን ሙሉ ስለሱ ያልተባለ ነገር የለም፤ እሱን የጠየቀ ግን አንድም ሰው የለም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ?

ጉራንጉሯ ሁለት አፍ አላት። በአንዱ ወደ እነሚጣ ግቢ ይወጣል፤ በሌላኛው ወደ ግንበኛው ጓሮ በር። ሚጣ ፈራች፣ በጣም ፈራች። ቢሆንም በመጣችበት አልተመለሰችም።

በሩን የከፈተው ራሱ ግንበኛው ነው። ጫማው ላይ ነጭ ቀለም ደርቆበታል። ፊቷን አየ፤ ከዚያ ጣሳውን አየ።

«እንዴት ዋሉ» አለች ሚጣ። ከአምና ወዲህ ከቤታቸው ለዚህ ሰው የወጣ የመጀመሪያው ሰላምታ ነበር።

«ደህና… ደህና፣ እንዴት ዋልሽ ልጄ?» አለ ተደናግሮ። «ምንድን ነው እሱ?»

«ዘይት ነው። ግድግዳዎን ላበላሽበት ነበር» አለች። ከዚህ ወዲያ መዋሸት ዋጋ የለውም። «ግን አላበላሸሁትም። ለምን እንደቀቡት ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

ግንበኛው ይቆጣል ብላ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። እሱ ግን ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

«ብታበላሺውም አልፈርድብሽም» አለ። «ዕድሜዬን ሙሉ ግድግዳ ሳቆም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጥላው የት እንደሚወድቅ አይጠፋኝም። የእናትሽን ጸሐይ እንደምወስድ አውቄ ነው ፎቁን የሠራሁት። ልጆቼ አንድ ክፍል ውስጥ ተደራርበው ነበር የሚያድሩት፤ ክፍል አስፈለገኝ። ቢሆንም ቀድሜ መጥቼ መናገር ይገባኝ ነበር፤ አልመጣሁም። ኋላማ በምን ዓይኔ ልያት? ሙሽራው የጮኸባት ቀን እዚሁ ሆኜ ሰምቻለሁ።»

በእጁ ወደ ግድግዳው አመለከተ።

«የጠዋቷን ጸሐይ መመለስ አልችልም። የከሰዓቷን ግን ነጭ ግድግዳ ቢቀበላት መልሶ ይልካታል። እናንተ በሌላችሁበት የቀባሁት፣ ‹አትንካው› እንዳትለኝ ፈርቼ ነው።»

«ሐሙስ ዕለት መስኮታችንን ሲለኩ አይቼዎታለሁ።»

«ብርሃኑ ውስጥ ድረስ ይገባ እንደሆነ ለማወቅ ነበር። መጋረጃው ዝግ ሆኖ ሳገኘው ‹ይቅር አላልኩህም› ያለችኝ መሰለኝ።» ቀና ብሎ አያት። «ለመሆኑ፣ መጋረጃውን ከፍታው ታውቃለች?»

«አዎ» ማለት የእናቷን ምስጢር ማውጣት ነው። «አይ» ማለት ደግሞ ይህን ሰው ተስፋ አስቆርጦ መሸኘት። በዚያ ላይ ሚጣ ገና ሙሉ በሙሉ አላመነችውም። ጥፋቱን እያወቀ ዓመት ሙሉ አቀርቅሮ ያለፈ ሰው፣ ዛሬ ደረጃ ላይ ስለተቀመጠ ብቻ ንጹሕ አይሆንም። ቢሆንም የሰማችውን ብቻዋን ይዛው መዞር አልፈለገችም። መስማት ያለባት እሷ አይደለችም።

«እሱን እኔ አልነግርዎትም» አለች። «ራሷን ይጠይቋት። ለእኔ የነገሩኝንም ለሷ ይንገሯት።»

«አሁን?»

«አሁን። ጸሐይዋ ሳትሄድ።»

ግንበኛው እጁን በሱሪው ጠረገ፤ አንድ ጊዜ ወደ ቤቱ ውስጥ ዞር ብሎ አየና ተነሣ። በጉራንጉሯ ሳይሆን በመንገዱ በኩል ሄዱ፤ ሚጣ ከፊት፣ እሱ ከኋላ።

ጥጋቸውን ይዘው የቆሙት አጎቷ ሲያዩዋቸው ክው አሉ። «ያዘሽ?» አሉ በሹክሹክታ፣ መንገዱን ተሻግሮ በሚሰማ ሹክሹክታ። «እንዳታምኚለት! አንድም ቃል እንዳትተነፍሺ!»

«ማንም አልያዘኝም፣ ጋሼ» አለች ሚጣ። ጣሳዋን እጃቸው ላይ አስቀመጠች። አጎቷ ዘይቱ ልብሳቸው ላይ እንዳይፈስ በሁለት እጃቸው አቅፈው፣ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ግንበኛው ጎንበስ ብሎ «እንዴት ዋሉ» አላቸው። እጃቸው ሙሉ ስለሆነ ራሳቸውን ነቀነቁለት፤ ወዲያው ደግሞ መነቅነቃቸው ቆጫቸው መሰል ፊታቸውን አኮሳተሩ።

ሚጣ በሩን አንኳኳች። «ቆይ፣ መጣሁ!» አለች እናቷ ከውስጥ፤ ያ የለመደችው መንሿሿትም ተሰማ።

ሚጣ አፏን ወደ በሩ አስጠጋች።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። መጋረጃውን እንዳትዘጊው፤ ሰው ይዤ መጥቻለሁ።»

መንሿሿቱ ቆመ። ግንበኛው ከጀርባዋ ጉሮሮውን ጠረገ። ሚጣ ዞር ብላ አላየችውም፤ በሩን እያየች ጠበቀች። ብዙ ቆይቶ መቀርቀሪያው ተሳበ።